ኳሷ ላይ ስንት ኪሎ አለ?

(ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ባለ አንድ አዳራሽ፣ ለፒክአፕ ሹፌሮችና ለሳይት ሠራተኞች ያደረግሁት ንግግር ነው። በቃል ያልኩትን ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ። ግቢ ወጥተን ያደረግነውን መጨረሻው ላይ ጨምሬያለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። ከሁሉ በፊት ይህቺን ሚዛን ላስተዋውቃችሁ። ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ወደ ለገሃር ስትወርዱ፣ የእግረኛ መንገዱ ላይ ተቀምጠው ሰው የሚመዝኑ ልጆች አሉ አይደል? ከአንዱ የተከራየኋት ናት። ልጁ "ለምንህ ነው?" አለኝ። "ተሳቢ ልመዝንባት" ስለው ሚዛኗን ጉያው ውስጥ ሸጎጣት። በስንት ልመና፣ መታወቂያዬን አስይዤ ነው ያመጣኋት። ስለዚህ ወሬዬ ቢረዝምባችሁም አትስጉ፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መልሳታለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነድቻለሁ፣ ከዚያ ወዲህ ጋራዥ ውስጥ ነኝ። ዛሬ የመጣሁት አንድ ጥያቄ ይዤ ነው። ተሳቢ ስትጎትቱ፣ ጋንቾው (ከመኪናው ኋላ ያለው መጎተቻ ብረት) ላይ ያለችው ኳስ ስንት ኪሎ ተሸክማለች? ይህን ጥያቄ ጋራዥ ለሚመጣ ሹፌር ሁሉ እጠይቀዋለሁ። የሞተሩን ጉልበት ይነግረኛል፣ የጎማውን ቁጥር ይነግረኛል። ኳሷ ላይ ያለውን ኪሎ የነገረኝ ግን እስካሁን የለም።

የሲኖትራክ ሹፌር ተሳቢ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ እንጀራው ነው። ችግሩ እኛ ፒክአፕ የያዝነው ጋ ነው። ከተማው በሙሉ ሳይት ሆኗል። ካዛንቺስ ሂዱ፣ ፒያሳ ሂዱ፣ ጀነሬተር፣ ኮምፕሬሰር፣ ሚክሰር፣ የውሃ ታንከር ሲጎተት ነው የሚውለው። ሲጎትት የነበረው ሰው ማን አስተማረው? አንድ ቀን ጠዋት አለቃው መጥቶ "ያቺን ጀነሬተር ገርጂ አድርሳት" ይለዋል። በቃ፣ ሥልጠናው ያ ነው።

እኔም የሠለጠንኩት እንደዚያ ስለሆነ የራሴን ልንገራችሁ። የአዳማው ፈጣን መንገድ 2007 ዓ.ም. ተከፍቶ፣ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ከካዛንቺስ ጀነሬተር ይዤ አዳማ ማድረስ ነበረብኝ። ተሳቢው ባለ አንድ ጥንድ ጎማ ነው። ልነሳ ስል ሦስት ጥቅል ኬብል ተጨመረብኝ። "እዚያ ስትደርስ ቀድሞ የሚወርደው እሱ ነው" ስለተባልኩ ከኋላ፣ ከጎማው ወዲያ ጫንኩት። ከዚያ ተሳቢውን ልቀጥል አንገቱን ይዤ ሳነሳው (አንገት የምለው ከፊት ወጥቶ ኳሷን የሚጎርሰውን ብረት ነው) በአንድ እጄ ብድግ አለልኝ። ለወትሮው ሁለት ሰው ነበር የሚፈልገው። "ዛሬስ ቀላል ናት" አልኩ፤ ረዳቴም ሳቀ። መፍራት የነበረብን ያን ጊዜ ነበር።

ከቱሉ ዲምቱ ከወጣን በኋላ እስከ 80 ድረስ ሰላም ነው። ቢሾፍቱ ሳንደርስ መንገዱ ትንሽ ቁልቁል ሲል 90 ገባሁ። አንድ አውቶቡስ ቀድሞን ሲያልፍ ነፋሱ ገፋ አደረገን። በስፖኪዮ ሳይ ተሳቢው ወደ ቀኝ ሸሸት አለና ተመለሰ። ከዚያ ወደ ግራ፣ ከመጀመሪያው ሰፋ አድርጎ። ደግሞ ወደ ቀኝ። በአራተኛው ላይ መሪው የእኔ መሆኑ ቀረ፤ ተሳቢው የመኪናውን ኋላ ይዞ እንደ ከበሮ መቺ ያወዛውዘዋል። እኔም ማንም የሚያደርገውን አደረግሁ፣ ፍሬን ረገጥኩ።

ስንቆም ፊታችን ወደ አዲስ አበባ ዞሯል። ተሳቢው በጎኑ ተኝቷል፤ አንዱ ጥቅል ኬብል አጥሩ ድረስ ተንከባሎ ሄዷል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከኋላችን መኪና አልነበረም። ረዳቴ ለረዥም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና "ጋሼ፣ እየተመለስን ነው እንዴ?" አለኝ።

ይህን ታሪክ ለዓመታት ሳወራው "አውቶቡሱ ነው" እያልኩ ነበር። አውቶቡሱ ምንም አላደረገም። ጥፋቱ የተሠራው ጠዋት ካዛንቺስ ነው፤ ኬብሉን ከኋላ ስጭን።

ገጠር ያደጋችሁ ቃሬዛ ተሸክማችሁ ታውቃላችሁ። ከፊት የሚሄደው ሰው ትከሻው ላይ በቂ ሸክም ካረፈ ቃሬዛው ይከተለዋል። በሽተኛው ወደ ኋላ ከተንሸራተተ ግን የፊተኛው ትከሻ ላይ ቃሬዛው ብድግ ብድግ ይላል፣ የኋለኛው እየገፋ ወዲያ ወዲህ ይመራዋል። ተሳቢም ይኸው ነው። ሸክሙ ከጎማው ወደ ፊት ሲያመዝን መኪናው ተሳቢውን ይመራል። ከጎማው ወደ ኋላ ሲያመዝን ተሳቢው መኪናውን ሊመራ ይነሳል።

እዚህ ላይ አንድ ተንኮል አለ። በዝግታ ስትነዱ የተሳቢው ጎማ አስፋልቱን ስለሚይዝ ውዝዋዜውን ያበርደዋል። ፍጥነት ሲጨምር ያ ማብረጃ እያነሰ ይሄድና አንድ ቦታ ላይ ያልቃል። ከዚያች ፍጥነት በላይ ተሳቢው አንዴ ከተነካ እያንዳንዱ ውዝዋዜ ካለፈው ይሰፋል። የእኔዋ ፍጥነት በ80 እና በ90 መካከል ነበረች። ያንኑ ተሳቢ፣ ያንኑ አጫጫን በ60 ብነዳው አዳማ ደርሼ፣ ምሳዬን በልቼ፣ "ጎበዝ ሹፌር" ተብዬ እመለስ ነበር። ከተማ ውስጥ በመጨናነቅ ስትነዱ የተሳሳተው አጫጫን ምልክት አያሳያችሁም። ከከተማ ወጥታችሁ መንገዱ እስኪለቀቅላችሁ አድብቶ ይጠብቃችኋል።

ውዝዋዜው ከጀመረስ? እግራችሁን ከነዳጁ ላይ አንሱ። መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፤ ወዲያ ሲል ወዲህ ልመልሰው አትበሉ፣ እጃችሁ ሁልጊዜ ዘግይቶ ስለሚደርስ ታባብሱታላችሁ። የመኪናውን ፍሬን አትርገጡ፤ መኪናው ሲይዝ ተሳቢው ከኋላ መግፋቱን ይቀጥላል፣ እንደ እኔ ፊታችሁን ያዞራችኋል። ነዳጅ ሰጥቶ መጎተት የሚሉም አሉ፤ እነሱን አትስሙ። ተሳቢው ለብቻው በእጅ የሚያዝ ፍሬን ካለው እሱን ብቻ ቀስ አድርጋችሁ ያዙ። ከቆማችሁ በኋላ ደግሞ "አለፈ" ብላችሁ አትቀጥሉ፤ ጭነቱን ወደ ፊት አምጡት።

ስንት ይሁን ታዲያ? ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው ኳሷ ላይ ቢያርፍ ጥሩ ነው። ጠቅላላው 2,000 ኪሎ ከሆነ ከ200 እስከ 300 ኪሎ ማለት ነው። ጋንቾው ወይም ተሳቢው ላይ የተለጠፈችው የብረት ሰሌዳ ከዚህ ያነሰ ከጻፈች ግን ሰሌዳዋን ስሙ፣ እኔን ተዉኝ። በተለይ የአውሮፓ ተሳቢዎች ላይ አነስ ያለ ቁጥር ታገኛላችሁ።

"እንግዲያው ሁሉንም ወደ ፊት ልጫነው" የሚል አይጠፋም። ቆይ። 300 ኪሎ ኳሷ ላይ አስቀመጥን እንበል። ከኋላ ጎማ እስከ ኳሷ 1.2 ሜትር፣ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 3 ሜትር ቢሆን፣ የኋላ ጎማው የሚሸከመው 300 አይደለም፤ 420 ኪሎ ነው። ትርፉ 120 ከየት መጣ? ከፊት ጎማው ላይ ተነስቶ ነው። የፊት ጎማ ሲቀል መሪው ይለሰልሳል፣ በዝናብ ጊዜ ስታዞሩት መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ማታ ደግሞ የፊት መብራቱ አስፋልቱን ትቶ ፎቅ ያሳያችኋል። ባሌስትራ (የመኪናውን ኋላ የሚሸከመውን የብረት ስፕሪንግ) መደራረብ የሚወዱ ወንድሞቼ፣ ባሌስትራ ጨምራችሁ መኪናው ቀጥ ቢልም ያ 120 ኪሎ ወደ ፊት ጎማ አይመለስም። መልኩ ነው የተስተካከለው።

ያ 300 ኪሎ ደግሞ መኪናው ራሱ ከሚጭነው ላይ ይቀነሳል። አንድ ቶን የሚጭን ፒክአፕ ኳሷ ላይ 300 ካረፈ የቀረው 700 ነው። ከዚያ ላይ አምስት ሰው፣ ከኋላ ደግሞ ስድስት ኩንታል ሲሚንቶ? ሒሳቡን እናንተ ሥሩት።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ሚዛኗም የማትነግራችሁ። ከባድ ዕቃ አንዱን ጥግ ፊት፣ አንዱን ጥግ ኋላ ብትጭኑ ኳሷ ላይ ያለው ቁጥር ልክ ሊመጣ ይችላል። ግን ሁለቱም ጫፉ ከባድ የሆነ ዱላ ወዝውዛችሁ ታውቃላችሁ? አንዴ ከተነሳ ማቆም ይቸግራል። ከባዱን ከጎማው በላይና ትንሽ ወደ ፊት ሰብስቡት፤ ቀላል ቀላሉ ነው ወደ ጫፍ የሚሄደው። የውሃ ታንከር የምትጎትቱ ደግሞ ወይ ሞልታችሁ ወይ ባዶውን ሂዱ። 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ግማሹን ብቻ ውሃ ይዞ ቁልቁል ሲወርድ አንድ ቶን ውሃ ውስጥ ለውስጥ ይሮጣል፤ ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር ሚዛኑ ይለወጣል።

አሁን ወደ ልጁ ሚዛን እንምጣ። እሷ እስከ 150 ኪሎ ነው የምትችለው። 300 ኪሎ እንዴት ትመዝናለች? ይህን ጣውላ ተመልከቱ። አንዱን ጫፍ በቱቦ ቁራጭ ላይ አሳርፌዋለሁ፣ ሌላውን ጫፍ ሚዛኗ ላይ። በሁለቱ መካከል ያለው 1.5 ሜትር ነው። የተሳቢውን አንገት የማሳርፈው ከቱቦው 50 ሳንቲሜትር ርቄ ነው። ሸክሙ ቱቦው አጠገብ ስለሆነ ሁለት እጁን ቱቦው ይሸከማል፣ ለሚዛኗ አንድ እጅ ብቻ ይደርሳታል። ስለዚህ የምታነቡትን በ3 ታባዛላችሁ። 40 ካለች 120 ነው። ባዶውን ጣውላ ቀድማችሁ መዝናችሁ፣ ከማባዛታችሁ በፊት ቀንሱ። አንገቱ መኪናው ላይ ሲቀጠል በሚኖረው ከፍታ ይሁን፣ ተሳቢው ሜዳ ላይ ይቁም፣ ጎማው ሥር ታኮ ይግባ። ሥራው አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ስለ አምራቹ ቁጥር አጠር አድርጌ ልለፍ። "የኔ ሃይሉክስ 3,500 ኪሎ ይጎትታል" የሚል ሰው በብዛት ይመጣል። አንዳንዱ ሃይሉክስ አዎ፣ ይጎትታል፤ ግን ያ ቁጥር የራሱ ፍሬን ላለው ተሳቢ ነው። ፍሬን ለሌለው 750 ኪሎ ነው። እዚህ ከተማ በየጋራዡ የሚበየደው ተሳቢ አብዛኛው ፍሬን እንደሌለው እናንተም እኔም እናውቃለን። 3,500 የሚለውን ሰምታችሁ ፍሬን የሌለው ሁለት ቶን አትቀጥሉ።

ኳሷም ራሷ ጉድ አላት። መኪናው ከዱባይ፣ ተሳቢው ከአሜሪካ፣ ጋንቾው ከመርካቶ ይሆንና ልክ አይገጥምም። አንዷ ኳስ 50 ሚሊሜትር ናት፣ ሌላዋ 59 ትጠጋለች። ትንሿን ኳስ ትልቁ አፍ ይጎርሳታል፣ ሲዘጋም "ቀጭ" ይላል፣ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። ጉድጓድ ስትገቡ ይተፋታል። ልኩ ኳሷ አናት ላይ ተቀርጿል፤ አንብቡት። ከቀጠላችሁ በኋላ ደግሞ የተሳቢውን አንገት በክሪክ ወደ ላይ ግፉት። የመኪናው ኋላ አብሮ ከተነሳ በደንብ ጎርሷል፤ ብቻውን ከተነሳ አልጎረሰም። ሁለቱን የመጠባበቂያ ሰንሰለቶች በአንገቱ ሥር አመሳቅላችሁ እሰሩ፤ ቢወልቅ እንኳ አንገቱ ሰንሰለቱ ላይ ይወድቃል እንጂ አስፋልት አይወጋም። ከከባድ መኪና የተፈታ የ24 ቮልት አምፖል ፒክአፕ ላይ የምትገጥሙ ደግሞ አላችሁ፤ መኪናችሁ 12 ነው፣ ስቶፑ እንደ ጧፍ ነው የሚበራው፤ ከኋላ ያለው ሰው አያየውም።

ቁልቁለት። አበው "ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል" ይላሉ፤ እኛ ደግሞ ግንዱን ይዘን ዓባይ በረሃ እንወርዳለን። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። መኪናውና ተሳቢው አንድ ላይ 5.5 ቶን ቢሆኑ፣ 1,000 ሜትር ሲወርዱ የሚለቁት ጉልበት አዲስ አበባ ላይ ዘጠኝ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ሒሳቡን ሁለት ጊዜ ሠርቼዋለሁ፣ መጀመሪያ እኔም አላመንኩም። ያ ሁሉ ሙቀት የት ይሂድ? በማርሽ ካልያዛችሁት የፍሬን ሸራው ላይ ነው የሚያርፈው። ጭነት ይዛችሁ ስትወጡ የምትጠቀሙበትን ማርሽ፣ ስትወርዱም ከመጀመሪያው ጀምራችሁ ያዙ፤ መሃል ላይ ከሆነ በኋላ ማርሽ ልቀንስ ማለት ዘግይቷል። ፍሬኑን ጠንከር አድርጋችሁ ይዛችሁ፣ ፍጥነቱን ሰብራችሁ ልቀቁት፣ ይተንፍስ። እግር አሳርፎ መውረድ ነው የሚያቃጥለው።

የፍሬን ዘይቱን መቼ ቀየራችሁት? ይህን ስጠይቅ አዳራሹ ዝም ይላል። ዶት 3 ዘይት አዲስ ሲሆን እስከ 205 ዲግሪ ድረስ አይፈላም። ከአየር እርጥበት እየጠጣ ሲያረጅ ግን መፍያው ወደ 140 ይወርዳል። ከፈላ አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል፣ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይገባል። ቁልቁለቱ መሃል ላይ።

ስለ ሞተር ብዙ አልልም፣ ግን አንዲት ነገር። አዲስ አበባ ከባሕር በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሞተራችሁ ደግሞ በሰላሙ ጊዜ 90 ገደማ ነው የሚሠራው። የራዲያተሩ ክዳን ውሃውን ጨምቆ ስለያዘው ነው የማይፈላው። ስፕሪንጉ የሞተ ክዳን ይዛችሁ፣ ተሳቢ እየጎተታችሁ እንጦጦን ከወጣችሁ መንገድ ዳር ቆማችሁ ትተነፍሳላችሁ። ክዳን ግዙ።

ጥያቄ ካለ?

(አንድ ወጣት ሹፌር፦ "ጋሼ፣ ወደ ኋላ ስመለስ ተሳቢው ሁልጊዜ እኔ ከፈለግሁት በተቃራኒ ነው የሚሄደው።")

የኔ ልጅ፣ ሁላችንም ጋ እንደዚያ ነው። እጅህን ከመሪው ታች አድርግ፣ ስድስት ሰዓት ላይ። እጅህን ወደ ግራ ስታደርግ ተሳቢው ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ስታደርግ ወደ ቀኝ ይሄዳል። በጥቂት በጥቂቱ። ከበዛብህ ወደ ፊት ሄደህ አቃናውና እንደገና ጀምር፤ ማንም አይስቅብህም። ከኋላ የሚያይልህ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ይሁን። እኛ ሰፈር አንድ ተሳቢ ሲገባ ጫማ ጠራጊው፣ ጥበቃው፣ ባለ ሱቁ ሁሉ ረዳት ይሆናል፤ አንዱ "ስበር!" ሲል አንዱ "ፍታ!" ይላል። አንዱን ምረጥና ሌላውን አትስማ።

(ከኋላ አንዲት የሳይት ተቆጣጣሪ፦ "ቁልቁለት ላይ ነቅለን ስናቆመውስ?")

እህቴ፣ መጀመሪያ ታኮ፣ ከዚያ መንቀል። ብዙ ሰው አንገቱን ከኳሷ ካነሳ በኋላ ነው ድንጋይ ፍለጋ የሚሮጠው፤ የእጅ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ደግሞ አይጠብቀውም። ለሁለቱም ጎማ፣ በቁልቁለቱ በኩል፣ የእንጨት ታኮ ሠርታችሁ መኪና ውስጥ አኑሩ። ድንጋይ ካደረጋችሁ ስትነሱ አንሱት። ይህች ከተማ ላይ ማታ የምንመታው ድንጋይ በሙሉ ጠዋት የአንድ ሰው ታኮ ነበር።

ከንግግሩ በኋላ ግቢ ወጣን። ከአድማጮቹ አንዱ ትንሽ ሚክሰርና ሁለት በርሜል የጫነ ተሳቢ ይዞ መጥቶ ነበር፤ በማግስቱ ሱሉልታ ሊወስደው። "ስንት ይመስላችኋል?" ስል አንዱ 100፣ አንዱ 200 አለ። ጣውላውን ዘረጋን። የጣውላው ተቀንሶ ሚዛኗ 14 አለች፤ በ3 ሲባዛ 42 ኪሎ። ተሳቢው ከነጭነቱ 900 ኪሎ እንደሚመዝን ባለቤቱ ያውቃል፣ አምስት በመቶ እንኳ አልሞላም። "ሳነሳው ቀላል ነበር" አለኝ፣ ፊቱ ትንሽ ተለዋውጦ። ሁለቱን በርሜሎች ከኋላ ፈተን፣ ከጎማው ፊት አምጥተን አሰርናቸው። እንደገና ስንመዝን 36፤ 108 ኪሎ፣ 12 በመቶ። ለአራት ሰው የአሥራ አምስት ደቂቃ ሥራ ነበር።

ሚዛኗን ስመልስ አሥራ አንድ ሰዓት አልፎ ነበር። ልጁ ገልብጦ ሥሯን አየ፣ መስተዋቷን በክንዱ ጠረገ። ከዚያ መሬት ላይ አስቀመጣትና ራሱ ወጣባት። 38። "ልክ ናት" አለና መታወቂያዬን ሰጠኝ።